ይዞ መልቀቅ ምሕረት ነውን?

ዓሣን በመንጠቆ ይዞ፣ ከውሃ አውጥቶ፣ መንጠቆውን ከአፉ ነቅሎ መልሶ መልቀቅ በሥነ ምግባር ሚዛን ምን ይባላል? በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ባሉ ብዙ ዓሣ አስጋሪዎች ዘንድ መልሱ ያለቀለት ይመስላል፤ የሚለቅ ሰው ጨዋ ነው፣ የሚገድል ሰው ስግብግብ ነው። በአማርኛ ግን ነገሩን ለማስረዳት ስንሞክር ቃላቱ እሺ አይሉንም። «ማረው» እንዳንል፣ ዓሣው ምን በድሎ ነው የሚማረው? «አዳነው» እንዳንል፣ አደጋ ላይ የጣለው ማን ሆነና? «ተጫወተበት» ካልን ደግሞ ክርክሩ ሳይጀመር ፍርዱን ሰጠን።

ጥያቄውን በጥቅሉ ከማንሳት በአንድ ዓሣ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ዓይነት ሰው ላይ ማየቱ ይሻላል። ዓሣው የባሕር ትራውት ነው። ቦታው ከስኮትላንድ በስተሰሜን የሚገኙት የሼትላንድ ደሴቶች ናቸው። ሰውየው ደግሞ ቤተሰቡን ትቶ ለሥራ ወደዚያ የሄደ፣ ከፈረቃው በኋላ ዘንጉን ይዞ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ሠራተኛ ነው። ይህን ሰው የመረጥኩት ጥያቄውን ስለሚያከብደው ነው። ሁሉ የሞላለት ሰው ሲዝናና አይቶ መኮነን ቀላል ነው። ያው ነገር ለአንድ ብቸኛ ሰው የቀረው እፎይታ ሲሆን ግን ፍርድ እንዲህ በቀላሉ ከአፍ አይወጣም።

የባሕር ትራውት ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም። ቡናማ ትራውት ከሚባለው የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ጋር አንድ ነው፤ የሳይንስ ስሙም ያው ሳልሞ ትሩታ ነው። በአንድ ጅረት፣ ከአንድ እናት እንቁላል ከተፈለፈሉት መካከል አንዳንዱ በተወለደበት ውሃ ኖሮ እዚያው ይሞታል። ሌላው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በጸደይ ወራት፣ ቡናማ ቆዳው እንደ ብር ያበራል፤ ሰውነቱም ጨው መቋቋም እንዲችል ይለወጥና ወደ ባሕር ይወርዳል። ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚወስኑት የዘር ውርስና የጅረቱ ሁኔታ በአንድነት ናቸው። ከሚሄዱት መካከል ሴቶቹ ይበዛሉ፤ ባሕር ውስጥ ምግብ ስለሚበዛ አካል ይገዝፋል፣ የገዘፈች እናትም ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ በመጸውና በክረምት መግቢያ ለመራባት ወደ ጅረቱ ይመለሳሉ። እንደ አትላንቲክ ሳልመን አብዛኞቹ ከአንድ እርባታ በኋላ የሚያልቁ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ወደ ባሕር ተመልሰው በሌላ ዓመት እንደገና ይመጣሉ።

ሼትላንድ ከመቶ በላይ ደሴቶች ያሉት ሲሆን ሰው የሚኖርባቸው 16 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የሕዝቡ ብዛት 23 ሺህ ገደማ ነው። ከስኮትላንዷ አበርዲን ወደ ሌርዊክ የሚሄደው መርከብ ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛል። ዛፍ እምብዛም የለም፤ ነፋስ ግን ሞልቷል። ባሕሩ ወደ መሬት እጁን ዘርግቶ ጠባብ ሰርጦችን ስለሠራ፣ ከየትኛውም ቦታ ተነስቶ ባሕር ለመድረስ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንኳ መሄድ አያስፈልግም። ጅረቶቹ ትናንሽ ስለሆኑ የባሕር ትራውትን የሚያስግር ሰው እንደ ሌላው አገር ወንዝ ዳር አይቆምም፤ ከእነዚህ የባሕር ሰርጦች ዳር፣ ጨው ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ነው የሚወረውረው። በሰኔ ወር መጨረሻ ፀሐይ ብትጠልቅም ሌሊቱ ድፍን ብሎ አይጨልምም። ከሥራ በኋላ ጊዜ አለ ማለት ነው፤ እንቅልፉን ለመሠዋት ለፈቀደ።

ለሥራ ወደዚያ መሄድም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሰሜን ባሕር ነዳጅ ሲገኝ ሱሎም ቮ በሚባለው ሰርጥ ዳር ታላቅ የነዳጅ ማከማቻና ማስተላለፊያ ተሠራ፤ የመጀመሪያው ነዳጅም በኅዳር ወር 1978 ደረሰ። ግንባታው በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ስለፈለገ ካምፖች ተተከሉ፣ ካምፖቹም አልበቃ ሲሉ መርከብ ወደብ ላይ ታስሮ ማደሪያ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ 103 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን ለመትከል ሌላ ትውልድ ሠራተኛ መጣ። እኔም ለትምህርቴ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ሁለት የበጋ ወራት በአንድ የሠራተኞች ማደሪያ ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ። በዚያ የምታየው ሕይወት አንድ ዓይነት ነው፤ 12 ሰዓት ሥራ፣ እራት፣ ስልክ፣ እንቅልፍ። ስልኩ ከሁሉ ይከብዳል። የልጅ ልደት በስልክ ይከበራል፣ የወላጅ ቀብርም አንዳንዴ በስልክ ይታያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በእንግሊዝ መጋዘኖች ወይም በአሜሪካ የሌሊት ፈረቃ የሠራ አንባቢ የማወራውን ያውቀዋል።

ከእነዚያ ሠራተኞች መካከል አንዳንዶቹ ዓሣ ያሰግሩ ነበር። አንድ ከፖርቱጋል የመጣ የብየዳ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ወደ ሰርጡ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይዝ ይመለሳል፤ ሲይዝም ይለቅቃል። ለምን እንደሚሄድ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፤ «ቀኑን ሙሉ ሰዓቴ የሌላ ሰው ነው። እዚያ ስቆም የኔ ነው።»

ይህን መልስ ከኩሽናው ሲንክ አጠገብ ለሚሠሩት፣ ከጣና ዳር ላደጉት የአገሬ ሰው ነገርኳቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። እጃቸውን ከሳሙናው ውሃ ሳያወጡ አዳመጡኝና እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ ርቦት ዓሣ የሚይዝ ሰው አይቻለሁ። ሸጦ ልጁን ለማብላት የሚይዝም አይቻለሁ። ሊመልሰው የሚይዝ ሰው ግን ያየሁት እዚህ ነው። ይዞ ከለቀቀው ለምን ያዘው?»

«እንዳይመናመን ብለው እኮ ነው ጋሼ።»

«እንዳይመናመን ከሆነ መጀመሪያውኑ አለመያዝ ነዋ!»

ይህ ክርክር በዩኒቨርሲቲ ከሰማኋቸው ብዙ ክርክሮች ይልቅ ቀጥተኛ ነው፤ የቀረው ጽሑፌም ለእሱ መልስ ፍለጋ ነው።

በመጀመሪያ፣ ዓሣው ያመዋልን? ለረጅም ዘመን ዓሣ አስጋሪዎች «የዓሣ አፍ አይሰማውም» እያሉ ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በዚያው በስኮትላንድ ባሳተሙት ጥናት ቀስተ ደመና ትራውት በሚባለው ዓሣ ራስ ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች መኖራቸውን አሳዩ። ከንፈራቸው ላይ የንብ መርዝ ወይም አሲድ የተወጉት ዓሣዎች ወደ ምግብ ለመመለስ ዘገዩ፤ አሲድ የተወጉትም ከንፈራቸውን በጠጠር ላይ ያሹ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ለምሳሌ ብራያን ኪ፣ የዓሣ አንጎል ሕመምን በንቃተ ኅሊና ለመቅመስ የሚያስፈልገው ክፍል ስለሌለው ይህ ስሜት ሳይሆን ምላሽ ብቻ ነው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። ነገር ግን ለሥነ ምግባር ጥያቄ እርግጠኝነት ግዴታ አይደለም። መጋረጃው ጀርባ ሰው ይኑር አይኑር የማላውቅ ከሆነ፣ አለማወቄ በመጋረጃው ላይ ድንጋይ የመወርወር መብት አይሰጠኝም። ጄረሚ ቤንተም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ መለኪያው የማሰብ ችሎታ ሳይሆን የመሠቃየት ችሎታ ነው ብሎ ከተከራከረ ወዲህ የማስረዳቱ ሸክም በሚጎዳው ወገን ላይ ነው።

የአውሮፓ ሕጎች እዚህ ላይ ተለያይተዋል። የጀርመን የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት እንስሳን ማሠቃየት ይከለክላል፤ መብላት በቂ ምክንያት ነው፣ ለመዝናናት ብቻ ይዞ መልቀቅ ግን በአጠቃላይ እንደ በቂ ምክንያት አይታይም። ስዊዘርላንድም ከ2009 ጀምሮ ለመልቀቅ አስቦ ማስገርን ከልክላለች። በስኮትላንድ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፤ ዝርያው እንዲተርፍ መልቀቅ ይመከራል፣ በዘንግ ከሚያዙት የባሕር ትራውቶችም አብዛኞቹ ይለቀቃሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ያደረገው አንድ ድርጊት ዙሪክ አጠገብ ጥፋት፣ ሌርዊክ አጠገብ ምስጋና ነው። ልዩነቱ ከንቀት የመጣ አይደለም። የጀርመንና የስዊስ ሕግ የሚያየው እጅ ውስጥ ያለውን አንዱን ዓሣ ነው፤ የስኮትላንድ ልማድ የሚያየው ገና ያልተወለዱትን ነው። ሁለቱም ትክክል የሆነ ነገር ያያሉ፤ ችግሩ በአንድ መንጠቆ ላይ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማክበር አለመቻሉ ነው።

በሼትላንድ ያልተወለዱትን ማሰብ ደግሞ የግድ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የባሕር ትራውት እጅግ ቀነሰ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ትራውቱ የሚመገባቸው፣ አሸዋ ውስጥ የሚቀበሩት ቀጫጭን ዓሣዎች በዚያ ዘመን ተመናመኑ፤ እነሱን የሚያጠምደው ሥራም በ1990ዎቹ መግቢያ ተዘግቶ ነበር። በዚያው ዘመን በሰርጦቹ ውስጥ የሳልመን እርባታ ተስፋፋ፤ ከእርባታው የሚራባው የባሕር ቅማል ከዳርቻው ርቆ በማይሄደው ትራውት ላይ ይበረታል። የእርባታው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። ዘንግ የያዘው ሠራተኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትንሹ ተጠያቂ ነው። ትንሽ ተጠያቂ መሆን ግን ከጥያቄው ነፃ አያወጣም።

አሁን ወደ ቃላቱ ልመለስ። ዓሣ አስጋሪው ሥራውን «ጨዋታ» ይለዋል። በአማርኛ ጨዋታ ከልጆች ሩጫ አንስቶ እስከ ሽማግሌዎች ወግ ድረስ ሰፊ ቃል ነው፤ በሁሉም ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ፤ ሁለት ወገን ፈቅዶ መግባቱ። ጨዋታ ያልፈቀደ ሰው መነሳት ይችላል። ዓሣው መነሳት አይችልም። ለእኛ ወገን ጨዋታ የሆነው ለእሱ ወገን የሞት ሽረት ትግል ነው። ስለዚህ «ፍትሐዊ ጨዋታ ነው፣ ቀጭን ክር እጠቀማለሁ፣ ዕድል እሰጠዋለሁ» የሚለው አስጋሪ እኩልነትን የሚያገኘው ለራሱ ደስታ እንጂ ለዓሣው አይደለም።

«ምሕረት» የሚለውም እንዲሁ አይሠራም። ምሕረት የሚያደርግ ሰው የመቅጣት ምክንያት ነበረው፣ ግን ተወው። እዚህ የመቅጣት ምክንያት የለም። ሰውን ገደል አፋፍ ላይ አድርሶ ወደ ኋላ የሳበ ሰው አዳኝ ተብሎ አይመሰገንም። ስለዚህ ከያዙ በኋላ፣ በተለይ ዝርያው በተመናመነበት ቦታ፣ መልቀቅ ግዴታ እንጂ ጽድቅ አይደለም። የሚለቅ ሰው ዕዳውን ከፈለ እንጂ አላበደረም። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መልቀቅን ጽድቅ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ሃያ ዓሣ ይዞ ሃያ ጊዜ ጸደቅሁ ይላል። መልቀቅን ዕዳ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ዕዳው እንዳይበዛ ይጠነቀቃል።

ይህን ስል አገሬን ከፍ፣ ፈረንጅን ዝቅ ለማድረግ አይደለም። ጣናን እንይ። ሳይንቲስቶች ላቤኦባርበስ የሚሏቸውና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሣዎች እንደ ባሕር ትራውት ለመራባት ከሐይቁ ወደ ወንዝ ይወጣሉ፤ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲመጣ፣ በወንዞቹ አፍ ላይ በተሰበሰቡበት ሰዓት መያዝ ቀለለ፤ በ1990ዎቹም ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ወንዝ ውስጥም የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃው ላይ መበተን፣ ዓሣውንም አደንዝዞ መሰብሰብ የቆየ ልማድ ነው። እዚህ ማንም አልተጫወተም፤ ሁሉም ሊበላ ወይም ሊሸጥ ነው የያዘው። ጋሼ «ርቦት የሚይዝ» ያሉት ሰው ንጹሕ ነው ብለን ብንቀበል እንኳ፣ ረሃብ ስለ ዘር ማሰብን አይተካም። «ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው የአባቶች አባባል ስለ እሾሁ ቢሆንም ለዚህም ይሆናል። የሼትላንዱ ሰው ያልተወለዱትን አስቦ የያዘውን ይበድላል፤ የእኛው ሰው ለያዘው ምክንያት አለው፣ ያልተወለዱትን ይረሳል።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኜ ስለ አንድ ሌላ መንጠቆ መናገር አለብኝ። የባሕር ትራውትን ታሪክ የሰማ ስደተኛ ሁሉ ወዲያው «ይህ እኔ ነኝ» ማለት ይቃጣዋል። አንዱ ወንድም ይቀራል፣ አንዱ ይሄዳል፣ የሄደው ገዝፎ ይመለሳል። ምሳሌው ያምራል፤ ግን ዓሣውን ሁለተኛ ጊዜ የሚይዝ ነው። ዓሣው ዶላር አይልክም፣ ናፍቆት ይኑረው አይኑረው አናውቅም፣ የሚመለሰውም ዘመድ ሊጠይቅ አይደለም። አይዛክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1653 ታዋቂውን የዓሣ አስጋሪዎች መጽሐፍ ሲያሳትም፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ የእሱን ወገን አሸንፎት ነበር፤ ወንዝ ዳር ለእሱ የሰላም ምሳሌ ሆነ። ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ ባይረን በዶን ጁዋን ግጥሙ በዋልተን ላይ ክፉኛ ተሳለቀበት። ባይረን ያስታወሰን፣ የሰላሙ ሥዕል የተሳለው በሌላ ፍጡር አፍ ላይ መሆኑን ነው። ምሳሌ ስናደርገው የራሱ ጉዳይ ያለው ፍጡር መሆኑን እንረሳለን።

እንግዲህ ከባዱ ጥያቄ ይቀራል። የአንድ ብቸኛ ሠራተኛ የአእምሮ ሰላም «በቂ ምክንያት» ነውን? እኔ በቀላሉ «አይደለም» ማለት አልችልም። ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም ብለን የምናምን ከሆነ፣ ረሃብ የሆድ ብቻ አይደለም ማለታችን ነው። በካምፕ የሚኖር ሰው ሲሰበር አይቻለሁ፤ በመጠጥ፣ በቁማር፣ በዝምታ። ሰርጡ ዳር የሚሄዱት ግን ሰው ሆነው ይመለሱ ነበር።

ሆኖም ያ ሰላም ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ይገባል። የብየዳ ባለሙያው አብዛኛውን ሌሊት ምንም አይዝም፤ ግን ያው ሰላም ይዞ ይመለሳል። እንግዲያው ሰላሙን የሰጠው የተያዘው ዓሣ ቁጥር አይደለም። የሰጠው ውሃው፣ ብርሃኑ፣ መጠበቁ፣ በሌላ ሕያው ነገር ላይ ዓይንን መትከል ነው። «ታዲያ ያለ መንጠቆ ለምን አይቆምም?» ሊባል ይችላል። ይህ ጥያቄ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ሊያገኝ የሚችለው ነገር ከሌለ መጠበቁ ራሱ ይላላል። የዓሣው መኖር እውነተኛ፣ መያዙም የሚቻል መሆን አለበት። ግን የሚቻል መሆኑ በቂ ከሆነ፣ ብዙ መያዝ አያስፈልግም። ብቸኝነቱ ወደ ውሃው ለመውረድ ምክንያት ይሆነዋል፤ ሃያ ዓሣ እያወጡ ለመልቀቅ ግን ምክንያት አይሆነውም።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ከሁለቱም ሕጎች የተለየ ነው፤ ለመብላት አስግር፣ አንድ ሲበቃህ አቁም፣ አንዱንም እንኳ መውሰድ ዝርያውን በሚጎዳበት ቦታ ደግሞ ዘንግህን ሌላ ቦታ ውሰድ። ሼትላንድ ውስጥ ይህ የሚቻል ነገር ነው። ከባሕሩ ወደ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ሐይቆች አሉ፤ በእነሱም ያልሄደው ወንድም፣ ቡናማው ትራውት፣ ይኖራል። ያው ዝርያ፣ ያው ጣዕም፣ ያው ነፋስ፣ ያው መጠበቅ። ሕጉ ራሱ ሳያስበው ወደዚያ የሚያመላክት ይመስላል፤ በስኮትላንድ እሑድ ቀን ሳልመንንና የባሕር ትራውትን ማስገር ክልክል ነው፣ ቡናማ ትራውትን ግን አይከለክልም። ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እሑድ ነው። የጥንቱ የሰንበት ሥርዓት ለአንዱ ወንድም የዕረፍት ቀን ሰጥቶ ለሠራተኛው ሌላውን ትቶለታል።

ይህ ዓሣ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትራውት ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ተወሰደ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ከኬንያ ወደ ባሌ ተራሮች ወንዞች መጣ፤ ዛሬም በዲንሾ አካባቢ ይሰገራል። የሚወርድበት ባሕር የለውም፤ የባሌ ወንዞች ከሕንድ ውቅያኖስ እጅግ ይርቃሉ። ስለዚህ ሁሉም ቀሪ ናቸው። እነሱንም ለማስገር የሚሄድ የአገራችን ሰው ጥያቄው ይጠብቀዋል።

የጋሼን ጥያቄ ለብየዳ ባለሙያው ተርጉሜ ነግሬው ነበር። አልተቆጣም፣ አልተከራከረምም። በሚቀጥለው እሑድ ከአንድ ሐይቅ አንድ ቡናማ ትራውት ይዞ መጣና ኩሽናው ሲዘጋ ለሦስታችን ተጠበሰ። ጋሼ ቀስ ብለው እሾሁን ለይተው፣ በቁራሽ ዳቦ ጠቅልለው መጀመሪያ ያጎረሱት እሱን ነው። «አሁን ገባኝ ለምን እንደያዝከው» አሉት፤ እኔም ተረጎምኩለት።